አንሶላ አጣፊዋ አክስቴ

አክስቴ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥፍ ነው ያረጀችው። ያ ሥራ ለብቻ አይሠራም፤ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው አንሶላውን ይወጥሩታል፤ ከዚያም ጫፍ ለጫፍ ለማገናኘት ይቀራረባሉ። ባልንጀራዋ በተቀራረቡ ቁጥር አንዳች ወሬ ጣል ታደርግላት ነበር።

ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት አለቃው አዝኖ፣ ተቀምጣ ወደምትሠራበት ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራት።

«ሂጂ ባክሽ፣» አለቻት ባልንጀራዋ፣ «እኔም ከአንቺ ጭቅጭቅ ልረፍ!»

አክስቴ ሄደች። በዚያ ሰሞን ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ በጊዜ ትተኛ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን እያነከሰች አለቃው ዘንድ ቀረበች።

«ልጄ፣ ወደ ቦታዬ መልሰኝ።»

«እትዬ፣ ሥራውን ይህን ያህል ይወዱታል እንዴ?»

«ኧረ ሥራውስ አንገሽግሾኛል! ግን እዚያ ቀኑ ሳላስበው ይመሻል። እዚህ ብቻዬን ተጎልቼ አልመሽ አለኝ።»

መለሳት። አመሻሹ ላይ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ እያቃሰተች፣ ባልንጀራዋ ስለ አማቷ ያወራችላትን ልትነግረን ጀመረች፤ ሳቅ እያቋረጣት መጨረስ አቃታት።