እድፍ የማይተው ጥይት

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከናይሮቢ መሃል ከተማ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ለአዲሱ ሥራዬ የዘበኞች ማሠልጠኛው ግቢ ስደርስ፣ አለቃዬ ሙዋንጊ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ጭንብል ሳያጠልቅ ወደ ሜዳ የሚገባ ካየሁ፣ እሱም ቢሆን፣ እንድመልሰው አዘዘኝ። ሌላውን ሥራ እያየሁ ተማርኩ።

ሠልጣኞቹ የሚታኮሱት በታመቀ አየር በሚሠራ የልምምድ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ለጨዋታ የሚሸጠው የቀለም ኳስ ነበር፤ ሰው ላይ ሲያርፍ ፈንድቶ ብርቱካናማ እድፍ ይተዋል። የተመታ ይወጣል። ዝናብ ሲሆን ግን ኳሱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ጠመንጃው ውስጥ ይፈርጣል። መጥረጉ የእኔ ዕዳ ነው።

አንድ ቀን ሁርሊንግሃም ከሚባለው ሰፈር አንድ ያገራችን ነጋዴ የፕላስቲክ ኳስ ይዞ መጣ። አይፈነዳም፤ ተለቅሞ፣ ታጥቦ እንደገና ይተኮሳል። ከእንግዲህ ከመጥረግ ተገላገልሽ አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም። እድፍ ከሌለ መመታቱን ማን ያምናል? ሙዋንጊ ግን የተመታ ራሱ እጁን ያነሣል አለ።

ከሠልጣኞቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚኖረውም እኔው ቤት ነበር። ለሐበሻ ነጋዴዎች የዕቃ አጃቢ ሊሆን ነው፤ በመጨረሻው ፈተና የተመታ ግን አይቀጠርም።

በፕላስቲኩ የመጀመሪያ ቀን ጥይቱ እንደ በረዶ ወረደ፤ እጁን ያነሣ አንድ ሰው የለም። በማግስቱ ኳሶቹን ለማንም ሳልናገር በጠመኔ ዱቄት አሽቼ፣ ጠመንጃዎቹን ራሴ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሲመለሱ ሰማያዊ ቱታቸው ንጹሕ ነው። መዳፋቸው ነጭ ነው። የዳዊትም።

"ምኑን ነው ያራገፍከው?" አልኩት።

"እቴቴ፣ እህቴ ነሽ ወይስ ፖሊስ?"

"መዳፍህን አሳየኝ።"

እጁን ኪሱ ከተተ።

ለሙዋንጊ ያየሁትን ነገርኩት፤ የወንድሜን ስም አልዘለልኩም። እሱም የፈተናውን ጥይት አንቺ ምረጪ አለኝ። በቀለሙና በፕላስቲኩ ካርቶኖች መካከል ቆሜ ቀረሁ። ፕላስቲኩን ባወጣ ዳዊት ማለፉ ነው። ከዚያ በኋላስ? የሰው ንብረት ይዞ መንገድ ሲወጣ፣ ያየውን አላየሁም ቢልስ?

ቀለሙን አወጣሁ።

ዳዊት ትከሻው ላይ ብርቱካናማ እድፍ ይዞ ተመለሰ። ቱታውን አውልቆ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝና ወጣ።

ለልምምድ ፕላስቲክ ይበቃል። ለፈተና ቀለም ያስፈልጋል።

ዳዊት በዚያው ሳምንት ከቤቴ ለቅቆ ሞያሌ ሄደ፤ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ።