ገልባጩን አትርሺ

እናቴ ካረፈች በኋላ ቁም ሣጥኗን ባዶ የማድረጉ ነገር ለእኔ ወደቀ። ከነጠላዎቿ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር እጄ ገባ፤ ሻሹን ስፈታው የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ ውስጡም የወንድሜ የለማ ካልኩሌተር ነበር። ሞቷል ብዬ በረንዳው ላይ ለናዝሬት ፀሐይ ባሰጣው፣ አፍታም ሳይቆይ አንዲት ዜሮ ብቅ አለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ካልኩሌተሩን ያመጣው አጎታችን ጋሼ በቀለ ነው። በደርግ ጊዜ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ይነዳ ነበር፤ ሲመለስ የበረሃውን አቧራ ሳያራግፍ ከመቀመጫው ሥር የሆነ ነገር ይመዝልናል፤ አንድ ጊዜ ሬዲዮ፣ አንድ ጊዜ ተምር፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ያለ ባትሪ በብርሃን ብቻ የሚሠራ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር። ለማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የማትሪክ ውጤት ይጠብቃል፣ እኔ አሥራ አንደኛ ነኝ። ጥላ ውስጥ ቁጥሮቹ ስለሚደበዝዙ ጥናታችን ሁሉ ከፓፓያው ዛፍ ራቅ ብሎ፣ ግንባራችን እስኪላጥ ፀሐይ ላይ ነበር። እናታችን ሰው ሁሉ ጥላ በሚሻማበት አገር የእኔ ልጆች አበዱ ትል ነበር።

የእኔ ጣጣ ኔጌቲቭ ፓወር ማስገባት ነበር። የኤሌክትሮንን ክብደት ለመጻፍ ዘጠኝ ነጥብ አንድ እልና፣ ኤክስፒ የሚለውን የፓወር ቁልፍ ተጭኜ፣ ልክ ደብተሬ ላይ እንደምጽፈው የመቀነሻውን ቁልፍ ነክቼ ሠላሳ አንድን አስከትላለሁ፤ ማሽኑም የታዘዘውን አድርጎ ከዘጠኝ ነጥብ አንድ ላይ ሠላሳ አንድ ይቀንስልኛል። ለማ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ኤሌክትሮኗ ከስታ ከስታ ከዜሮ በታች ወረደች ይለኛል። ምልክቱን ጭራሽ ስረሳው ደግሞ ኤሌክትሮኗ ከፀሐይ ትከብዳለች፤ ያኔ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ “ናዝሬት አለቀላት!” እያለ በግቢው ይሮጣል። ትክክለኛው ቁልፍ መደመርና መቀነስ አብረው የተጻፉበት ነው፤ ሠላሳ አንድ ከተጻፈ በኋላ ይነካና የቁጥሩን ምልክት ይገለብጣል። ጋሼ በቀለ ተሳቢ ከመያዙ በፊት ከቆቃ አሸዋ የሚያመላልስ ገልባጭ መኪና ይነዳ ስለነበር፣ ለማ ያንን ቁልፍ “ገልባጩ” አለው። “መጀመሪያ ይጫናል፣ ከዚያ ይገለበጣል፤ ባዶ መኪና የሚገለብጥ ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ። ገባኝ፤ ግን ከዚያም በኋላ እየረሳሁ አስቸግረው ነበር፣ እሱም ፊቱን እየታጠበ እንኳ ቢሆን ከግቢው ማዶ “ገልባጩን አትርሺ!” ይለኛል።

በፊዚክስ ፈተናዬ ዋዜማ ለማ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈሱበት ሰሞን ነበር፤ ልጅ ያለው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይውላል፣ እኛ ግን ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው ብለን ተዘናጋን። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጫልቱ እየጮኹ መጥተው መታፈሱን ነገሩን። እናቴ በነጠላ ጫማ፣ እኔ ካልኩሌተሩን እንደያዝኩ ሮጠን ቀበሌው ጋ ስንደርስ፣ ልጆቹ የአሸዋ ገልባጭ ላይ ቆመዋል፣ መኪናውም እየተነሣ ነበር። ለማ በልጆቹ ትከሻ መሀል አየኝ። አንገቱን አስግጎ “ገልባጩን አትርሺ!” ብሎ ጮኸ። ፈገግ ያለም ይመስለኛል፤ ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

እናቴ ቃሉን በራሷ መንገድ ወሰደችው። መኪናውን አትርሱ፣ ሾፌሩን ፈልጉ፣ የት እንዳደረሰን እሱ ያውቃል ማለቱ ነው አለች። ስለ ካልኩሌተሩ ቁልፍ ነው ብዬ ባስረዳት፣ “ልጄ እዚያ ላይ ቆሞ የሂሳብ ወሬ ያወራል? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?” ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ ከደራ የመጣ፣ ከሞጆ የመጣ፣ ከቆቃ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ሁሉ የእሷ ጉዳይ ሆነ። መንገድ ዳር ቆማ ታስቆማለች፤ ሾፌሩ በኦሮምኛ ሰላም ካላት እሷም “ኢልማ ኮ ኤሳ ጌሲታን?” ትለዋለች፣ ልጄን የት አደረሳችሁት እያለች። አንዳንዱ ጡሩምባውን ነፍቶባት ያልፋል፤ አብዛኛው ግን ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣታል፣ ምንም የሚነግራት ባይኖረውም። የለማ የማትሪክ ውጤት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነበር። ጦርነቱም አለቀ፣ የተረፉት በእግራቸው እየተንገዳገዱ ተመለሱ። ለማ አልመጣም፤ ሞተ ብሎ የነገረንም የለም። እናቴ አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ የገልባጭ ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትወጣ ነበር።

ማናችን ትክክል እንደነበርን አላውቅም። ያኔ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ወንድሜ በዚያች ሰዓት የኔን ፈተና እንዳሰበ ማመን ነበረብኝ። ዛሬ በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ሳይ ግን፣ ፈርቶ ድረሱልኝ ይል የነበረ ልጅ ይሆንብኛል። ደግሞ ይህ ሻሽ አለ። እናቴ ካልኩሌተሩን እንዲህ ሸሽጋ ካቆየችው፣ ስለ ቁልፉ ያልኳትንም ጨርሳ አልጣለችውም ነበር ማለት ነው።

በረንዳው ላይ ዘጠኝ ነጥብ አንድ አልኩ፣ ኤክስፒን ተጫንኩ፣ ሠላሳ አንድ ጻፍኩ። ፊዚክስ የምትማረው ልጄ ከኋላዬ መጥታ “እማዬ፣ መቀነሱን ረሳሽው” አለችኝ።

“ገልባጩን?”

“የምን ገልባጭ?”

ያንን ቁልፍ በዚህ ስም የምንጠራው ሁለት ነበርን። ጣቴን ላዩ ላይ አሳርፌ ሳልጫነው ቀረሁ። ኤሌክትሮኗ ከፀሐይ ከብዳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ናዝሬት አለቀላት ብሎ በግቢው የሚሮጥ ግን የለም።