ለገበያ ቀን ያቆየሁት እርቅ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጎባ ላሉት ነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየጾሙ እየሄድኩ ትንንሹን ኃጢአት ሁሉ እዘረግፍላቸውና ይህቺ ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። እሳቸው "ሌላስ የለም ልጄ?" ይላሉ፤ እኔ "የለም አባ" እላለሁ። ከዚያች "የለም" በኋላ የቀረው ኑዛዜ ሁሉ ምን ዋጋ አለው? እናንተን አላውቃችሁም፣ ፊታችሁንም አላይም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ለእናንተ የቀለለኝ። ደግሞም ደክሞኛል።

ጠበቃ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው፣ ቢሮዬ ሮቤ። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ግን አፌን በአማርኛም በኦሮምኛም ነው የፈታሁት። ኦሮምኛ ስናገር ከጀርባዬ የሰማኝ ሰው የዲንሾ ልጅ ነው የሚለኝ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ጥብቅና ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ ለክልሉ ምክር ቤት በግል ተወዳደርኩ። የምርጫ ክልሌ ዲንሾና ዙሪያው ነበር። ለምልክት ሚዛን ፈልጌ ሌላ ቀድሞኝ ስለወሰደው ጃንጥላ ደረሰኝ። በእኛ አገር ጠበቃን አቡካቶ ነው የሚሉት፤ እኔም "አቡካቶ ጃንጥላ" ሆኜ ቀረሁ። ተሸነፍኩ። የምናዘዘው ግን መሸነፌን አይደለም። መሸነፍ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ከተወዳደርነው አብዛኞቻችን ገሃነም በገባን ነበር።

ስነሳ ሐሳቤ ክፉ አልነበረም። የገበሬ የመሬት ክርክር በቀጠሮ ብዛት ሲጎተት እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር፤ ሕግ ከሚወጣበት ቤት ብገባ አንድ ነገር አደርጋለሁ ብዬ... ቆይ፣ ይኸው ጀመርኩ። የሙያ ልማድ ነው። ጥፋቱን ሳልናገር የቅጣት ማቅለያውን አስቀደምኩ። ይህን ተዉት፣ እንዳልተባለ ይቆጠር።

ዲንሾ አጠገብ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ሐጂ አማንና ኦቦ ቃሲም። ጎረቤት ናቸው፣ አብረው ነው ያረጁት። የአንዱ ዘር ሲያልቅ ከሌላው ጎተራ ገብስ ይቀዳል። አርብ አርብ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ፤ መስጊዱ ከኦቦ ቃሲም ግቢ ጀርባ ነው። ልጆቻቸው በግጦሽ ተጣሉ። የሐጂ አማን ልጅ ጀማል በዱላ መትቶ የኦቦ ቃሲምን ልጅ የከድርን ክንድ ሰበረ። ታሰረ፣ በዋስ ወጣ፣ ክስ ቀረበበት። እኔ ለጀማል ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ፣ በነፃ። የምርጫ ዘመቻ ላይ ያለ ሰው ለምን በነፃ እንደሚቆም ይገባችኋል።

በእኛ አገር የመታው ወገን ሽማግሌ ልኮ እስኪታረቅ ድረስ ከተመታው ወገን ዐይን ይሸሻል። በደጃቸው አያልፍም፣ ከሚቀዱበት ውሃ አይቀዳም። ፈርቶ ሳይሆን አክብሮ ነው። ጀማል ሪራ ጫካ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። ሐጂ አማን ደግሞ መስጊዱን ተዉት። ደረታቸውን የሚያፍናቸው ሰውዬ በዚያ ብርድ ጋራውን ዞረው ሌላ መንደር ሄደው ይሰግዱ ጀመር።

አንድ ቀን ሐጂ አማን ብቻቸውን ቢሮዬ መጡ። "ወደ ቃሲም ሽማግሌ ልላክ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ሊያስፈቅዱኝ ነው የመጡት፣ ክሱ በእጄ ስላለ። ያን ጊዜ "ይላኩ" ብላቸው ኖሮ ነገሩ በሳምንቱ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሕግ አወራሁባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እያለ ሽማግሌ መላክ ጥፋትን እንደማመን ነው፣ በልጅዎ ላይ ይመጣበታል፣ እኔ ሳልል ማንንም እንዳይልኩ አልኳቸው። ይህን ምክር ለጀማልም ቢሆን እንዳይነግሩት፣ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ምስጢር ነው ብዬ ጨመርኩበት። ውሸቴን ነበር። ዳኛ ቢሆን እርቅ ሲሰማ ደስ ነው የሚለው። ሐጂ አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? ልጃቸውን በነፃ የያዘላቸው አቡካቶ ነኝ።

ኦቦ ቃሲም ደግሞ በሌላ ቀን መጡ። የባላጋራዬ አባት ናቸው፣ ላነጋግራቸውም አይገባኝም ነበር፤ አነጋገርኳቸው። "የከድር ክንድ እየጠገነ ነው" አሉኝ። "እኔ ቂም የለኝም። አማን አንድ ሽማግሌ ይላክብኝ፣ አንድ ብቻ። እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት መንገድ መንገድ ነው የማየው። ንገርልኝ።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ። አልነገርኩም።

ለምን? ለገበያ ቀን ነበር የማቆየው። ቅስቀሳ ከመዘጋቱ በፊት አንድ የዲንሾ ገበያ ነበር፣ የመጨረሻው። ያን ቀን አገር ምድሩ ይወርዳል፤ ፈረሱም በጉም ሰዉም። ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አመጣና በሕዝብ ፊት አስታርቃቸዋለሁ፣ መሐላቸው ቆሜ ግራና ቀኝ አቅፌ ፎቶ እነሳለሁ፣ ሰዉ ደግሞ "ሳንመርጠው እንዲህ ያደረገ ብንመርጠውማ" ይላል ብዬ ነው። ንግግሩን በመስታወት ፊት ተለማምጄው ነበር። የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ ሁሉ አውቅ ነበር። ሐሳቡን የሰጠኝ ሰው የለም፣ የገፋፋኝም የለም። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

እስከዚያ ሁለቱንም መያዝ ነበረብኝ። ሐጂ አማን ሲጠይቁኝ "ገና ልባቸው አልበረደም" እላለሁ። ኦቦ ቃሲም ሲጠይቁኝ "ሐጂ ነገሩ በፍርድ ቤት ይለቅ ብለዋል" እላለሁ። እያንዳንዳቸው ሌላው የጨከነባቸው መሰላቸው። ይህን ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም ነበር። ፍርድ ቤት ከዚህ የባሰ ብዙ ተናግሬ አውቃለሁ፤ እዚያ ግን ቢያንስ ፊት ለፊቴ የሚከራከረኝ ሌላ ጠበቃ አለ።

ሐጂ አማንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለቅስቀሳ ዲንሾ በወጣሁበት ቀን ነው። ቤታቸው ጎራ አልኩ። ጋቢ ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳሉ በርትቶባቸዋል። ስለ ክሱ አንድም አልጠየቁኝም። "ቃሲም ስሜን ያነሳል?" አሉኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ያነሳሉ ብል እኮ ጋቢያቸውን ጥለው በዚያው ሰዓት ይሄዱ ነበር፣ ምክሬንም ሕጌንም ረስተው። ያ ደግሞ ገበያዬን ያበላሽብኛል።

"ስምዎን አያነሱም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ቀና ብለው ምራታቸውን ጠሩና "ለአቡካቶ ወተት ስጪው፣ ከሩቅ ነው የመጣው" አሏት። ጠጣሁት። ያን ወተት እስከ መጨረሻው ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ተነስቼ ጃንጥላዬን ላስተዋውቅ ሄድኩ።

ገበያው ሳይደርስ ሐጂ አማን ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ምልክቴ የታተመበትን ቲሸርት ከኮቴ ሥር እንደለበስኩ። ከየመንደሩ በፈረስ የመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ጀማል ከሪራ ደርሷል። ኦቦ ቃሲም ግን አልመጡም። ቤታቸው ከመቃብሩ ይታያል፣ በሩ ተዘግቷል። በእኛ አገር ሙስሊሙ የጎረቤቱ ጀናዛ ላይ ሳይቆም ቀረ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሰዉ እየዞረ ያን በር ያይ ነበር። በኋላ ኦቦ ቃሲም አሉት የተባለውን ሰማሁ፤ "በሕይወት እያለ አንድ ሰው ያልላከብኝ፣ ዛሬ ምን አድርግልኝ ይለኛል?" አሉ ተባለ። መንደሩ "ልቡ ድንጋይ ነው" አላቸው። እስከ ዛሬም የሚላቸው አለ።

እኔ እዚያ ቆሜ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? "በቃ ገበያው ቀረ" ነው ያልኩት በሆዴ። አፈሩ እየተመለሰ እያለ። ማዘን የመጣው በኋላ ነው፣ መፍራት ደግሞ ከማዘንም ቀድሞ መጣ። ሰው ይነቃብኝ ይሆን ብዬ የጀማልን ፊት ሳይ ዋልኩ። ጀማል አቅፎኝ አለቀሰ።

ልጆቹን ያለ እኔ የአገር ሽማግሌ አስታረቃቸው፣ ክሱም ተዘጋ። ምርጫው ደረሰ፣ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ፣ ተሸነፍኩ፤ ለጥቂትም አልነበረም። በኋላ ጀማል ሲያጽናናኝ "እኛም መረጥንህ፣ የነከድርም ቤት ሁሉ መርጦሃል" አለኝ። ምነው ባልነገረኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ እግዜር ያውቃል። ሁለቱ ቤት የሚስማማበት ነገር እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ጥብቅና ስቆም ኖሬያለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀድሞም ታመው ነበር፣ ቢታረቁም ይሞቱ ነበር እላለሁ። እውነት ነው። ገደልኳቸው አልልም፤ እንደዚያ ብልማ ማስረጃ የሌለው ክስ ነው፣ በቀላሉ ነፃ ያወጣኛል። ክሴ ሌላ ነው። አንድ ሰው ወዳጁ የረሳው መስሎት ሞተ፤ ወዳጁ ግን ጠዋት ጠዋት መንገዱን ያይ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ ልበል? ወጣት ብሆንስ ውሸቱን ከእውነቱ መለየት አቅቶኝ ነበር? የምርጫ ግርግር ነው ልበል? ግርግሩ ውስጥ ወተቱን ረጋ ብዬ ነው የጠጣሁት።

ዝም እንዳልኩ በኖርኩ ነበር፤ በቅርቡ ግን ኦቦ ቃሲም ቢሮዬ መጡ። ዐይናቸው ደክሟል፣ ከድር እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። መሬታቸውን ለልጆቻቸው ማካፈል ፈልገው ነው። ጉዳዩን ጨረስን። ከዚያ ከድርን "ውጭ ጠብቀኝ" አሉትና በሩ እስኪዘጋ ቆዩ።

"ዱጋ ነቲ ሂሚ" አሉኝ፣ እውነቱን ንገረኝ ማለታቸው ነው። "ያኔ አማን ዘንድ ትገባ ትወጣ ነበር። ስሜን ያነሳ ነበር?"

ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። አንዱ ሲሞት ሌላው ተቀብሎት ይዞት ኖሯል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የሚመልስለት ሰው አላገኘም። "ቀብሩ ላይ ሳልቆም ቀረሁ" አሉ ቀጥለው። "እልህ ይዞኝ ነው። አሁን እልሁ ሄደ፣ እሱም ሄደ። ሌሊት ተነስቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቃሲም ብሎ ከሆነ ልወቀው።"

ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈትልኛል? ማን ነበር የሚያስገድደኝ? ምርጫ የለ፣ ገበያ የለ፣ ጃንጥላ የለ። የማጣው ድምፅ የለም። አፌን ከፈትኩና "በዚያ ሰሞን ታመው ስለነበር ብዙም አያወሩም ነበር፣ ኦቦ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። ዱላቸውን ፈልገው ተነሱ። እጄን ያዙና መረቁኝ። ለልጆቼ ጤና ለመኑልኝ፣ ለቢሮዬ በረከት። የማይለቅ እጅ አላቸው። እኔም "አሜን" አልኩ።

ስለዚህ ይህ የድሮ ኃጢአት አይደለም። የድሮ እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር። የቅርብ ነው፣ እጃቸው ገና እጄ ላይ አለ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም፣ ይቅር ብትሉኝም ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ነፍስ አባቴም ቢሰሙ መጀመሪያ የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ ሂድና ለሰውዬው ንገር ነው የሚሉኝ። ለዚህ ነው የማልነግራቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል እንደማውቅ መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ። ከሁለቱም ሽማግሌዎች ጋር ያወራሁት፣ የዋሸሁትም በኦሮምኛ ነው። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ በየትኛው ልጻፍ ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም፤ በአማርኛ ጀመርኩ። ኦቦ ቃሲም ከገበያ ቃል በቀር አማርኛ አይሰሙም። እዚህ ስደርስ ነው ያየሁት። ቢነበብላቸው እንኳ እንዳይገባቸው አድርጌ ነው የተናዘዝኩት።

"ስምዎን ያነሱ ነበር፣ ኦቦ።" ይኸው ናት፣ ከዚህ አትረዝምም፤ በኦሮምኛም አጭር ናት። የዲንሾ ሚኒባስ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ነው የሚሞላው፤ ረዳቱ "ዲንሾ፣ ዲንሾ" ሲል እዚህ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። አሁንም እየጠራ ነው። አልተነሳሁም።