ወንበር ቁጥር አርባ ሰባት

ሐመልማል ወንበር መያዝ ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንበር ስላችሁ የሠርግ ቤት ወንበር እንዳይመስላችሁ። ከሲያትል ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ ከሚደረስበት ተራራ ላይ፣ በረዶ ላይ በስኪ የሚንሸራተተውን ሕዝብ ከታች ተቀብሎ በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ የሚያወጣ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ወንበር ነው። መቶ አሥር ወንበሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከተሉ ሲዞሩ ይውላሉ። ሊፍት ቁጥር ሦስት ይባላል። ዕድሜው ከሐመልማል ቢያንስም በሦስት በአራት ዓመት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሊፍት ሰው ሊቀመጥ ሲል ቀስ ማለትን አያውቅም። ከኋላ ይመጣና ባትህን ብሎህ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ፣ የሚመጣውን ወንበር በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው ማስቀመጥ አለበት። ያ ሰው ሐመልማል ናት። ሁለቱ ሰዎች ደልደል ብለው ሲቀመጡ ደግሞ "እሰይ" ትላለች። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምትለው እንጃ። የፈረንጆቹ ልጆች ከመልመዳቸው የተነሳ ገና ወንበሩ ሲመጣ ራሳቸው "እሰይ" እያሉ ይቀመጡላት ጀመር። አንዷማ የሊፍቱ ስም ነው ብላ ለእናቷ ስታስረዳ ሰምታለች።

ወደዚህ ሥራ የመጣችው ወዳ አልነበረም። ዳውንታውን ካለ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። በእሷ ቦታ ማሽን ተተከለና ደኅና ሁኚ ተባለች። ሬንተን የምትኖር ጓደኛዋ ናት ተራራው ላይ ሰው ይፈልጋሉ ያለቻት። ባሏ ገመዳ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በረዶ ላይ ቆመሽ ለሰው ወንበር ልትይዢ?" አላት። ገመዳ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ከመሪ ጀርባ ካልሆነ የትም አይመቸውም። እሷ ግን ገባችበት፤ ገብታም ወደደችው። እጇ ጠነከረ፣ እንግሊዝኛዋ ተፍታታ፣ ስካይዌይ የገዟት ትንሽ ቤትም በሁለት ደመወዝ ቆመች። እስከ ዛሬ ያንን ማሽን ትመርቀዋለች።

ባለፈው ጥር ነው አለቃዋ ላርስ ምሳ ከሚበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ፕላን የለጠፈው። ሊፍት ቁጥር ሦስት ሚያዝያ ላይ ይዘጋል። ወንበሮቹ ይወርዳሉ። የፈረንጆቹን በጋ አሮጌዎቹ ምሰሶዎች ተነቅለው አዲስ መሠረት ይቆፈራል። መስከረም ላይ ሄሊኮፕተር አዲሶቹን ምሰሶዎች እያንጠለጠለ ያመጣል፤ ታኅሣሥ ላይ አዲሱ ሊፍት ይከፈታል። አዲሱ አራት ሰው ነው የሚይዘው። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሲደርስ ወንበሩ ከገመዱ ተላቅቆ ራሱ ቀስ ይላል። የሚይዘው ሰው አይፈልግም።

ሐመልማል ፕላኑን አየች። በልቧ ደግሞ ማሽን መጣብኝ አለች። ላርስ ግን ከነገሩ ሁሉ በፊት ወደ እሷ መጥቶ፣ "አንቺ አትሄጂም። መቆጣጠሪያውን እናስተምርሻለን። ወንበሩ ራሱን ቢችልም ሰዉን የሚያይ ዓይን ያስፈልገናል" አላት። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ የሚል አለቃ ስለሰጣት ወደ ቤት እየነዳች አምላኳን አመሰገነች። ጥሩ ሰው ነው ላርስ። ጥሩ ሰውነቱን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር እንዳትቀየሙት ነው።

በሳምንቱ ያው ላርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ምሳ ጠረጴዛቸው መጣ። "ከአሥር ዓመት በላይ ለሠሩ ሠራተኞች ከአሮጌዎቹ ወንበሮች አንድ አንድ እንሰጣለን። የመረጣችሁትን ቁጥር ትወስዳላችሁ፤ የቀረው ለደንበኛ በዕጣ ይሸጣል" አለና ወደ ሐመልማል ዞሮ "አንቺስ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ ጠየቃት።

ሐመልማል ቁጥር አርባ ሰባትን ስጡኝ ልትል ነበር። አፏ ግን የለመደውን አለ፤ "ኖ ኖ፣ ቴንክ ዩ፣ አያስፈልግም።"

"ኦኬ" አለ ላርስ። ስሟ ላይ መስመር አሰመረና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሐመልማል ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። እስኪመለስ ትጠብቅ ነበር። ደግሞ "እንዴ፣ ለምን? ይልቅ ውሰጂ" እስኪላት፣ እሷም "ኧረ ምን ሊያደርግልኝ" እስክትል፣ ሦስተኛ "እኔ ልሙት" ሲላት "እሺ፣ ካልክ ምን ይደረጋል" ብላ እስክትቀበል። እናንተም እኔም ያደግነው እንዲህ ነው። የሰው ቤት ሄደን ብሉ ስንባል በልተናል የምንል፣ ሆዳችን እየጮኸ። መጀመሪያ ሲሰጡት እጁን የሚዘረጋ ስግብግብ ነው ተብለን። ላርስን ግን ይህን ማን ይንገረው? ሰውየው ጠየቀ፣ አይሆንም ተባለ፣ ጻፈ። እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ።

አሁን ስለ ቁጥር አርባ ሰባት ልንገራችሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገመዳ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ደሙን በማሽን ይታጠብ ነበር። የምታመላልሰው ሐመልማል ናት። እሷ ከሥራ፣ እሱ ከማሽኑ ሲገናኙ ሁለቱም ጥላ ሆነው ነው። የበረዶው ወራት ማለቂያ ላይ ተራራው የሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ሊፍት የሚሳፈርበት አንድ እሑድ አለው። ለአሥር ዓመት አልመጣም ሲል የነበረው ገመዳ ያን ዓመት ራሱ "እስቲ የምትይዢውን ወንበር ልየው" አለ። የአውቶቡስ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። የሥራ ጓደኛዋ ወንበር ይዞላቸው ተቀመጡ፤ እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ። ቁጥሩ አርባ ሰባት ነበር።

መንገዱ ላይ ግማሽ ሲደርሱ ሊፍቱ ቆመ። ከላይ ሰው ወድቆ ነው። ሐመልማል በሕይወቷ ሊፍቱን የሚያቆመውን ቀይ ቁልፍ ስንት መቶ ጊዜ ተጭናለች፤ ሌላው ሲጫነው አየር ላይ ተንጠልጥላ ግን አታውቅም። ከሥራቸው የጥድ ዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር። ድምፅ የሚባል የለም። ገመዳ የፊቱን ብረት ጨበጠ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቆሙት። ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ አታውቅም፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተናገረ።

"ሐመልማል።"

"እ?"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ለምኑ?"

"ለሁሉም። ስታመላልሺኝ አንድ ቀን ተነጫንጨሽብኝ አታውቂም። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብዬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ልበልሽ።"

እሷ ደነገጠች፤ አፈረችም። ባሏ እንዲህ የሚናገር ሰው አልነበረም። "ተው እባክህ፣ ደግሞ ምን አደረግሁልህ" አለችው። "ይልቅ ኮፍያህን ዝቅ አድርግ፣ ጆሮህን ይበርድሃል።"

ገመዳ ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። ሊፍቱ ነቅነቅ ብሎ ሄደ። ነገሩን ደግሞ አላነሳውም፣ እሷም አላነሳችውም። ኅዳር ላይ ሞተ። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን መልስ እንኳ ሳትመልስለት መሄዱ ነው የሚቆጫት። ከዚያ ወዲህ አርባ ሰባት ዞሮ በእጇ ሲገባ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ነበር የምትይዘው። በቀን ሠላሳ ጊዜ ያህል ይዞርላታል። አሁን ደግሞ ሊሄድ ነው፣ እሷው ራሷ አልፈልግም ብላ።

ማታ ለልጇ ለማርያማዊት ነገረቻት። ማርያማዊት ነርስነት የምታጠና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ስትናደድ ግን አማርኛዋ ይመጣል። "ማሚ፣ ዩ ሰይድ ኖ" አለቻት። "ኖ ካልሽው ምን ያድርግሽ? እዚህ አገር ሁለቴ አይጠይቁም። ሶ፣ ነገ ኮል አድርጊውና እፈልጋለሁ በይው።"

ነገ ኮል ታደርጋለች ብላችሁ ነው? አፍራ ሦስት ሳምንት ቆየች። አይ ሐመልማል። አልፈልግም ካሉ በኋላ መለመን ሞት መሰላት። በሦስተኛው ሳምንት ማርያማዊት "እኔ ልደውልለት?" ስትላት ነው ተነሥታ ላርስ ቢሮ የሄደችው። ላርስ ሰምቶ ፊቱ ተቀየረ። ዝርዝሩ ተልኳል፤ ዕጣው ወጥቷል፤ ሁሉም ወንበር ባለቤት አለው።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ" አላት፣ አዝኖ።

"አንዴ ነዋ የጠየቅኸኝ" አለች ሐመልማል።

ላርስ ግራ ገባው። "ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?"

"ሦስት" አለችውና፣ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት። ላርስ ያን ቀን ብዙ ነገር ተማረ። ወንበሩ ግን የሄደ ሄዷል።

ሊፍቱ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት ባለዕጣዎቹ ወንበራቸውን ሊወስዱ መጡ። ወንበሮቹ መኪና ማቆሚያው ላይ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። በገመድ ላይ ያየሃቸው መሬት ላይ ሲቀመጡ ያሳዝናሉ። ሐመልማል ልታግዝ ነው የመጣችው፤ ስም ትጠይቃለች፣ ቁጥር ታሳያለች። አርባ ሰባት ጋ ስትደርስ ግን ሳታስበው ቆማ በጃኬቷ እጅጌ የቀኙን መቀመጫ መጥረግ ጀመረች።

"የኔ ነው እሱ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። ዞር ስትል ቤቲ ናት። ቤቲ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። አንድ ጉልበቷ ተቀይሮ በብረት ከተተካ ወዲህ ሐመልማል ወንበሩን ከማንም በላይ ቀስ አድርጋ ነው የምትይዝላት። ቤቲ የሐመልማልን እጅጌ አየች፣ ዓይኗን አየች። "ይህን ወንበር ታውቂዋለሽ?" አለቻት።

ሐመልማል ኧረ ምንም አይደል ልትል ነበር። ግን አሥራ ሁለቱን ደቂቃዎች በዚያችው እንግሊዝኛዋ ነገረቻት፤ ስለ ገመዳ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ኮፍያው። ቤቲ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ትፈልጊዋለሽ?" አለች ቤቲ።

የሐመልማል ምላስ ተነሣ። "ኖ ኖ፣ አይገባም፣ ዕጣው ያንቺ ነው" የሚለው ሁሉ ተሰልፎ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ቤቲ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ተጨማሪ ጥያቄ የለም። ሐመልማል እዚህ አገር ከመጣች ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ተናግራ አታውቅም።

"አዎ" አለች። "እፈልገዋለሁ።"

"በቃ ያንቺ ነው" አለች ቤቲ። ሐመልማል አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ እያለች በአማርኛ መረቀቻት። ቤቲም ቃሉ ባይገባት አሜን የሚባልበት ቦታ የገባት ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ላርስ ነገሩን ሲሰማ ሮጦ መጣ። ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረ ሰማንያ ሁለት ቁጥር የሚባል ወንበር ነበርና እሱን ለቤቲ ጫነላት። ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞረ።

"በኔ ፒክአፕ ቤትሽ ላድርስልሽ?"

"አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"እውነት ላድርስልሽ?"

"አዎ አልኩህ።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ ሦስተኛ፣ በጣቱ እየቆጠረ። ሐመልማል እስኪደክማት ሳቀች።

ወንበሩን ስካይዌይ ቤቷ፣ መኪና ፓርክ ከምታደርግበት ጣሪያ ሥር የሰቀለላት ጎረቤቷ አክሊሉ ነው። በግራ በቀኝ ወፍራም እንጨት አቁሞ፣ በሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ራሱ ተቀምጦ ፈትኖ ሄደ። ሐመልማል ልትቀመጥ ስትጠጋ ወንበሩ ተወዛወዘባት። ያን ጊዜ ማርያማዊት ከኋላ መጥታ በሁለት እጇ ያዘችላትና ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው። እናቷ ደልደል ብላ ስትቀመጥ "እሰይ" አለቻት።

"እሰይ የኔ ልጅ። አሁን ግቢ፣ እመጣለሁ" አለች ሐመልማል።

ማርያማዊት ገባች። ሐመልማል በግራ በኩል ነበር የተቀመጠችው። ቀኙ ባዶ ነው። አንድ ሁለቴ ተወዛወዘችና በእግሯ አቆመችው። ወደ ባዶው ቦታ ዞረች። ስድስት ዓመት የዘገየ ነገር ስለሆነ እንዳይሰሟት ብላ አላንሾካሾከችም፤ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ ተናገረችው።

"አብሮ ይስጠን፣ ገመዳ።"