አባቴ ያልቆረጠው እንሰት

ዝናብ ሰፊ ቅጠል ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር መካኒሳ የነበረው የጭቃ ቤታችን ጓሮ ይመጣብኛል። አባቴ ከጋሞ ጎፋ ተራሮች ችግኙን አስመጥቶ የተከለው እንሰት እዚያ ነበር፤ እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ስለነበረች «ይሄ የማያፈራ ሙዝህ ጓሮውን ጨረሰው እኮ!» እያለች ትተርበው ነበር።

ክረምት ክረምት አባቴ ከሥራ በስብሶ ተመልሶ፣ ደጃፉ ላይ ዱካ ስቦ ተቀምጦ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቅጠል እያየ አገሩን ይተርክልኝ ነበር፤ ጉም የማይለቀውን ሸንተረር፣ የቀርከሃ ቤታቸውን፣ አያቶቹ ከቆላው ወባ ሸሽተው ዳገቱን እንዴት እንደወጡ። ደክሞት ስለሚውል ታሪኩን መሃል ላይ ትቶት ያንቀላፋ ነበር።

ዓመታት አልፈው እንሰቱ ከጣሪያችን በለጠ። ካበበ በኋላ ስለሚሞት ከዚያ በፊት ተቆርጦና ተፍቆ ቆጮ መሆን ነበረበት፤ በአባቴ አገር ግን መፋቅ የሴት ሥራ ነው፣ እናቴ ደግሞ አትችልበትም።

«እናቴ በጥር ትመጣለች» ይለኝ ነበር አባቴ በየበጋው። «እሷ ትፍቀዋለች፤ አያትሽ የሠራችውን ቆጮ ትበያለሽ።»

እኔም አይቻት የማላውቃትን አያቴን ስጠብቅ ኖርኩ።

በመጨረሻው ጥር የአጎቴ ልጅ ብቻውን መጣ። መንደር ምስረታ ተብሎ ሰዉ በመንግሥት ትእዛዝ ከተራራው ወደ ቆላው ሜዳ እንደወረደ፣ አያቴም ቤቷን ጥላ ወርዳ፣ ዓመት እንኳ ሳትቆይ ወባ እንደገደላት ነገረን።

አባቴ ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለምን ወደ ላይ እንደወጣን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጥፋ?» አለ።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አባበለችው። «ጉራጌዋ ጎረቤታችን ትፋቅልህ እንጂ፤ ሊያብብ ነው፣ ያ ሁሉ ድካምህ ገደል ይግባ?»

«ይቅር» አላት።

እንሰቱ አበበ፤ ከባዱ አበባ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሄዶ፣ በቀጣዩ ክረምት አጥሩ ላይ ወደቀ። አባቴም ደጃፉ ላይ መቀመጡን አልተወም፤ ስለ ተራራው ግን ዳግመኛ አላወራኝም። በጣም ይከፋኝ ነበር፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

ዛሬ የምኖረው ፉሪ ነው፤ እኔም እንደሱ ከሥራ ደክሜ እገባለሁ። ቆጮ ሲያምረኝ ከገበያ እገዛለሁ፣ መኪናም ተራራው ድረስ ይገባል ይላሉ። ልጄ ስለ አያቷ አገር ስትጠይቀኝ ጉሙን፣ የቀርከሃውን ቤት፣ ዳገቱን እነግራታለሁ። «ከዚያስ?» ትለኛለች፤ እኔ የማውቀው ግን አባቴ እስካንቀላፋበት ድረስ ብቻ ነው።