ባለ አንድ ዓይኑ ጭቃ ሹም

ነገሩን ያስታወሰችኝ ድመቷ ናት። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተጋድማ፣ የልጅነት የሥዕል ደብተሬን በሁለት እጇ ይዛ ጀርባውን ትልሰዋለች። አልፈርድባትም። ጀርባው የተጣበቀው ከበሬ ቆዳ በተቀቀለ ማጣበቂያ ነው፤ ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖትም ፀሐይ ሲያገኘው ሾርባ ሾርባ ይሸታል። ነጥቄ ስወስድባት ስፌቱ ተበጠሰና ገጾቹ እጄ ላይ ተበተኑ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ቤታችን ቡሬ ይሁን እንጂ እሱ ዛሬ ሽንዲ፣ ነገ ሌላ ደብር እያለ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞር ነው የኖረው። እኔም እጁን እያየሁ አደግኩና አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የራሴ ደብተር ካልኖረኝ ብዬ ተነሣሁ። ስኳር የሚጠቀለልበትን ወፍራም ወረቀት ከሱቅ ለምኜ በአባቴ ቢላ ቆረጥኩት፣ በጅማት ሰፋሁት። ለልባሱ ጎረቤታችን ጸሓፊ ብራና ሲፍቅ ተቀዶበት የጣለውን አነሣሁ። ማጣበቂያውን ከአባቴ ሸክላ ሰረቅኩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከእናቴ በርጩማ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በርጩማው ዕድሜውን ሙሉ ብራና እንደለበሰ ኖረ፤ እናቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷው ትቀመጥበት ነበር።

ሁለተኛው ደብተር ተሳካልኝ። በጥጥ ቅርጫቴ ውስጥ፣ ከባዘቶው ሥር ደብቄ ገበያ እወጣና ሰው እሥላለሁ። የምሥለው ግን ሁልጊዜ ከጎን ነበር። ከፊት ለፊት መሣል ማለት መያዝ ነው፣ መያዝ ደግሞ መገረፍ ነው። ደግሞስ አፍንጫ የሚያምረው ከጎን አይደል?

አንድ ችግር ነበረው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ግን፣ ይሁዳም በለው ሰይጣን፣ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ይህን ጎጃም ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሠዓሊ ልጅ ሆኜ ጠፍቶኝ አይደለም። ሕጉ የግድግዳ ነው፣ እስከ ስኳር ወረቀት አይወርድም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነው።

በዚህ መሐል ነው ከወዲያ ማዶ ያለው አጥቢያ ጭቃ ሹም አንድ ሐሙስ ቀን መልእክት የላከው። እሑድ እንመጣለን፣ ለልጃችን ልጃችሁን ልንጠይቅ፣ የሚል። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለእኔ ግን የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ መጨረሻ ነበር፣ የደብተሬም። ልጁን ገበያ ላይ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ክፉ አልነበረም፣ ብቻ አፉን ከፍቶ ነው የሚያስበው። አባቴ ዝም አለ። ጭቃ ሹሙን እምቢ ያለ ሰው በማግሥቱ የድንበር ክስ እንደሚነሣበት አገር ያውቃል። እኔ ግን የአባቴን ዝምታ እንደ እሽታ ቆጥሬ አኮረፍኩት፤ ሁለት ሌሊት አለቀስኩ።

አባቴ ያን ሰሞን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቀይ መጎናጸፊያ እያለበሰ ስለነበር ዓርብ ማታ የገባው እስከ ክርኑ ቀልቶ ነው። እሑድ ጧት እናቴ ከቅዳሴ መልስ እጁን በሎሚና በአመድ ፈትጋ ፈትጋ አንድ ጠብታ ቀለም አላስቀረችበትም።

ጭቃ ሹሙ ሽማግሌ መላክ ብቻ አልበቃው ብሎ የንስሐ አባታችንን አስከትሎ ራሱ መጣ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። የጭቃ ሹሙ ሰጋር በቅሎ ደጅ ላይ ታናፋለች። ቆመው ጠየቁ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ጠላ ተቀዳ።

«ሙያዋስ እንዴት ነው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

እናቴ መልስ ሳትሰጥ አባቴ ብድግ አለ። «ምን በአፍ ያስወራል፣ ፈትሏን ለምን አታዩትም ጌታው» ብሎ የጥጥ ቅርጫቴን ራሱ አንሥቶ መጣ። ወንድ የጥጥ ቅርጫት ሲያነሣ እናቴ አይታ አታውቅምና ማሰሮዋን እንደያዘች ቆመች። ደብተሬ እኮ ከባዘቶው ሥር ነው።

አባቴ ባዘቶውን ገለጥ አድርጎ፣ «ይህ ደግሞ ምንድነው?» አለ። «እንካችሁ፣ እናንተ እዩት። የኔ ዓይን ፈዟል።»

ዓርብ ዕለት የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ የሣለ ዓይን እኮ ነው።

ጭቃ ሹሙ ገለጠ። «ኧረ በወላዲቷ! ይች ያች ጌሾ ሻጯ አይደለች? ቁርጥ እሷን!» ብሎ ሳቀ። ገለጠ። «ይህስ ዳኛው! እሰይ፣ አንድ ዓይን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም!» ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ የንስሐ አባታችንም ሳቁ። እንዲህ እያለ ገለጠና ሳቁ ቀጥ አለ።

ከውጭ በቅሎዋ ልጓሟን ስታኝክ ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«በጎን ሆናችሁባት ነው እንጂ፣» አሉ የንስሐ አባታችን ለማስታረቅ፣ «ሌላው ዓይናችሁ በወዲያ በኩል ይኖራል።»

ቅን ሰው ናቸው፣ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። ጭቃ ሹሙ ግን አምኗቸው ገጹን ገልብጦ ወዲያ በኩል አየ። በዚያ በኩል የሣልኩት በቅሎዋን ነበር። በቅሎ ስትሣል አትቆጣም፣ ስለዚህ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ተረጋግቼ፣ ከነሁለት ዓይኗ ሥያታለሁ።

«በቅሎዬን ከጻድቃን፣ እኔን ከይሁዳ!» ብሎ ተነሣ። ጠላው ተደፋ። «ይችን ነው ለልጄ የምወስድ? ብታዙኝም አልወስድ!»

አባቴ ጮኸ፣ ጉልበቱን መታ፣ «አዋረድሽኝ አንች ልጅ!» አለና ደብተሩን ወደ ምድጃው ወረወረው። ምድጃውን አልፎ እንስራው ሥር ወደቀ። ዝንብ ላይ ጠጠር የማይስት ሰው ነበር።

ከሄዱ በኋላ እናቴ እንባዋን ስትጠርግ እኔ ደብተሬን አንሥቼ አቀፍኩት። አባቴ ሳያየኝ፣ «የበቅሎዋ ጆሮ ረዝሟል» አለ።

የድንበር ክስም አልመጣ፤ እምቢ ያልን እኛ አይደለንማ። እኔ ተማርኩ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተማርኩ። ጭቃ ሹሙ ሲያረጅ ቂሙን ረሳና መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ልጅት፣ ዓይኔን መቼ ነው የምትመልሽ?» ይለኝ ነበር። ታሪኩን አባቴ ባለበት ስንት ጊዜ እየሳቅኩ አውርቼዋለሁ፤ «ዕድሌ ነው ያተረፈኝ፣ አባየማ ሊድሩኝ ነበር» እያልኩ። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። እንዲያው ሲስቅ፣ ሳያስተባብል ሞተ።

ባለፈው ሳምንት የተበተኑትን ገጾች በየተራቸው ስደረድር ጭቃ ሹሙ ያለበት እጄ ገባ። ስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረው የገጹ ጥግ ላይ፣ ደብተር ገልጦ የሚያነብ ሰው በሚጫንበት ቦታ፣ አንድ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ መጎናጸፊያ ቀይ ነው። እሑድ ጧት እጁ ታጥቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ዓርብ ማታ ነው ያየው፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሳኮርፈው።

አውራ ጣቴን አሻራው ላይ አሳረፍኩት። የእሱ ይሰፋል።

«አይታችሁት ኖሯል እንዴ፣ አባየ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም በሌለበት ቤት። ድመቷ ተጠራሁ ብላ መጣች። ወተት ሰጠኋት።