ባሌ ከሆስፒታል ቶሎ የወጣ ጊዜ

ይህ የደረሰብን ጋምቤላ ክልል ሆና ራሷን ማስተዳደር በጀመረች ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አለፈው። ግን ዛሬም በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ በሩ ላይ ትዝ ይለኝና ምላሴን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ደግሞ እኔ ምላሴን የምሰበስብ ሴት አይደለሁም፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ።

የምንኖረው አቦቦ፣ የሰፈራ መንደር ነው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተን የሰፈርን ነን። ባሌ ይመር ገና ጎልማሳ ሳለ ልቡን ታመመ። ዶማ ጥቂት ጊዜ አንስቶ ቁጭ ይላል። እግሩ ያብጣል። ሲተኛ ትራስ ደራርበን ካላስደገፍነው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጋምቤላ ሐኪም ቤት መረመሩትና የልቡ በር ጠቧል፣ አዲስ አበባ ሄዶ መቀደድ አለበት አሉን። ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ነበሩ፤ ተራው ሲደርስ ከታላቅ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ሄደ። እኔ አራስ ነበርኩና ቀረሁ።

ይመር እንደሄደ መንደሩ ሁሉ ስንት ጊዜ ተኝቶ ይመጣል ብሎ ይከራከር ጀመር። ከእኛ ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ትርፍ አንጀቱን ደጋ አገር ተቀዶ ሁለት ወር ተኝቶ ነው የመጣው። እንግዲህ ትርፍ አንጀት ሁለት ወር ካስተኛ ልብ ስንት ያስተኛል? ግማሹ ስድስት ወር አለ፣ ግማሹ ዓመት። እኔም በልቤ ስድስት ወር ብዬ ይዣለሁ።

ሌላም የምናውቀው ነገር ነበር። ሐኪም "ቤቱ ውሰዱት" ካለ አበቃለት ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሬሳ ከሚጫን ነፍሱ ሳትወጣ አገሩ ይግባ ብለው ነው የሚልኩት እንላለን። የአንዲት ጎረቤታችንን እናት እንዲያ ብለው ሸኝተዋት ብዙም አልቆየች።

ይመር ከሄደ ወር እንኳ ሳይሞላው ከጋምቤላ የመጣ ሾፌር መልእክት ይዞልኝ መጣ። ሐሰን በስልክ የላከው ነው። "ተቀዶ በሳምንቱ ከሆስፒታል ወጥቷል። ትንሽ አርፈን እንመጣለን።" በቃ፣ ይኸው ነው።

በሳምንቱ! ልጄን እንደታቀፍኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ወሬው ወዲያው መንደሩን ዞረ። ሴቶቹ እየመጡ አጠገቤ አገጫቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አንዷ ትልልቆቹን ልጆቼን "እኔ ጋ ይሰንብቱ" ብላ ወሰደችብኝ። ወንዶቹ ደጄ ላይ እንጨት ያቆሙ ጀመር። "ምንድን ነው ይሄ?" ብዬ ጮህኩባቸው። "ለጠያቂ ጥላ ነው እቴ፣ ሰው ፀሐይ እንዳይመታው" አሉኝ። ዓይኔን ግን አላዩኝም። ያረቢ፣ ባሌ ሳይሞት ዳስ ሲጣልለት እያየሁ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጡ። ይመር ከመኪናው በገዛ እግሩ ወረደ። ፊቱ ቀልቶ፣ የእግሩ እብጠት ጠፍቶ፣ ልጁን ካልታቀፍኩ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር። ከኋላዬ ግን አንዷ "ሊሄድ ሲል እንዲህ ያምርበታል" ስትል ሰማሁ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሐሰንን ወደ ጓሮ ጎትቼ ወሰድኩት።

"ጋሼ ሐሰን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

"ድኗል አሉኝ።"

"በሳምንቱ?"

"እኔም ገርሞኝ ጠየቅኳቸው። የዳነ ሰው ይወጣል አሉኝ። ወላሂ ይኸው ነው።"

አላመንኩትም። መርዶ የያዘ ሰው እንደዚያው እየማለ አይደል የሚያታልለው?

በማግስቱ ሰው ይጎርፍ ጀመር። በእኛ ዘንድ ሞት የቀረበው ሰው ጋ ይኬድና "አፉ በለኝ" ይባላል፣ ይቅር በለኝ ማለት ነው። በሽተኛውም "አፉ ብዬሃለሁ" ይላል፤ ቂም ይዞ እንዳይሄድ ነው። አንዱ መጥቶ "ይመር፣ ያስቀየምኩህ ቀን ካለ አፉ በለኝ" አለው። ይመር ድኛለሁ ብሎ ስላመነ የመንገደኛ አቀባበል መስሎት እየሳቀ "አፉ ብዬሃለሁ" አለ። ሌላው መጣ። ሌላዋ መጣች። እየቆየ ሳቁ ቀነሰ። ያየኛል፣ እኔ ዓይኔን አሸሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ መጣ። ሰይድ የቅርብ ጎረቤታችን ነው። ጥምጥሙን አውልቆ አልጋው ሥር ተንበረከከና አለቀሰ።

"ይመር፣ ያቺ ጥቁር ፍየልህ..."

"ጅብ የበላት?"

"ጅብ አይደለም። እኔ ነኝ። ልጆቼ ርቧቸው ነበር። አርጄ በላኋት። አፉ በለኝ።"

ያቺ ፍየል ስትጠፋ ይመር ስንት ቀን ለጅቡ ጉድጓድ ሲቆፍር ከርሟል። ሰይድም አብሮት ሲቆፍር ነበር! ይመር እሱን መቆጣት አልቻለም። አየት አደረገውና ወደኔ ዞረ። ይህን የመሰለ ነገር ለሚኖር ሰው እንደማይነገር ያን ጊዜ ገባው።

"ዘይነብ፣ ልሞት ነው እንዴ?"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ያ ገደለው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሩ ደረቀ፣ የተሰፋበትን ግራ ጎኑን ጭምቅ አድርጎ ይዞ "ልቤ፣ ልቤ ልትወጣ ነው" አለ። እጄን ደረቱ ላይ ባደርግ ልቡ ይዘላል። ከውጭ ሴቶቹ ዋይታ ጀመሩ። "ዝም በሉ! አልሞተም!" ብዬ የጮህኩት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰይድ ነው እየሮጠ መንገድ ላይ የወጣው። ከዲማ የወርቅ ቆፋሪዎችን ጭኖ የሚመጣ መኪና ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሾፌሩ ሊሰድበው አፉን ከፈተና እኛን ሲያይ ተወው። ይመርን ጋቢና አስገባነው፣ እኔ ልጄን አዝዬ አጠገቡ። ሐሰንና ሰይድ ከላይ ተሳፈሩ። እስከ ጋምቤላ ድረስ መኪናው በነጠረ ቁጥር ስፌቱ የተተረተረ እየመሰለኝ ልብሱን ገልጬ አያለሁ። ይመር እጄን ይዞ ስለ ልጆቹ አደራ ይለኛል። እኔም እሺ እለዋለሁ። እሺ ማለቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሐኪም ቤት አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከአዲስ አበባ የያዝነውን ወረቀት አነበበ። ስፌቱን አየ። እኔ ፊት ፊቱን አያለሁ።

"ልቡ ይሮጣል እንጂ ሥራው ደህና ነው። ምን አስደነገጣችሁት?" አለ።

ሰይድ ከበሩ ሥር "ፍየል" አለ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ትርፍ አንጀቱንም፣ ሳምንቱንም፣ ዳሱንም። ሳይስቅ ሰማኝ። "እህቴ፣ እንደሱ የተቀደደ ሰው ደህና ከሆነ በሳምንት በአሥር ቀን ይወጣል። ብዙ የሚተኛው ችግር የገጠመው ነው። የዚያ የትርፍ አንጀቱ ሰው ቁስል አመርቅዞ ይሆናል። ባልሽን ያወጡት ስለዳነ ነው" አለኝ።

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሐሰን "እኔ አላልኩም?" ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው፣ ብሎ ነበር። ይመር ግን አልጋው ላይ ቀና አለና ሰይድን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ጅቡ አንተ ነህ?" አለው።

ሰይድ የሚገባበት አጣ። እየተመለስን መንገዱን ሁሉ አቀርቅሮ ነው የመጣው። እቤት ስንደርስ ዳሱን በገዛ እጁ አፈረሰው።

ከዓመታት በኋላ ሰይድን ወባ ጣለው። ጠናበት። ሰው እየገባ አፉ በለኝ ይለው ጀመር። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ምግብም አልቀምስ አለ። እኔና ይመር ሄድን። ይመር አልተቀመጠም፣ አልጋው ራስጌ ቆመ።

"ሰይድ! ፍየሌስ?"

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔ ነጠላውን ጎተትኩት። እሱ ግን "አፉ አላልኩህም። ተነስተህ ትሰጠኛለህ" አለው።

ሰይድ ቀስ ብሎ ዞረ። የደረቀ ከንፈሩ ፈገግ አለ። "እህሉ ይድረስ፣ እሰጥሃለሁ" አለ። ከዚያ ሾርባ አምጡልኝ ብሎ ጠጣ።

ሰይድም አለ፣ ይመርም አለ። እኔ አሁን በሽተኛ ስጠይቅ አፉ በለኝ አልልም፣ ባጠፋም ሲነሳ እነግረዋለሁ። ሐኪም ቶሎ ያወጣውንም ሰው እልል ብዬ ነው የምቀበለው፣ ያን ቀን የዋጥኩት እልልታ ይቆጨኛልና። ፍየሏ ግን እስካሁን አልመጣችም። ለይመር ስነግረው "ተያት፣ ሲታመም እጠይቀዋለሁ" ይለኛል።